ወደ አራዳ የያዝኩት መርዶ

አዲስ አበባን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩ የድሬዳዋ አንባቢዎቻችን ይህን እንድጽፍ ያዘዘኝ የጋዜጣችን አዘጋጅ ነው። የታዘዝኩት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ ያለ ደመወዝ በፈቃዷ ሚስዮንን ልታገለግል ከባሕር ማዶ የመጣች አንዲት ፈረንጅ አራዳ ውስጥ በሐበሻ ቤት ተቀምጣ እንዴት እንደምትኖር፣ ቋንቋችንንም እንዴት እንደምትማር አይቼ እንድጽፍ ነው። ሁለተኛው ለጋዜጣ የሚሆን ጉዳይ አልነበረም። ግን ያለ እርሱ የፊተኛውን በእውነት መጻፍ አይቻልም፤ ስለዚህ በየቀኑ በያዝኩት ማስታወሻ መሠረት ሁለቱንም በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ ቀን። ሐምሌ ነው፤ ድሬዳዋ ግን ሐምሌን አታውቅም። በማለዳ ባቡር ጣቢያ ስደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቆ ነበር። በኮሮጆዬ ውስጥ የነበረውን ልዘርዝር፤ ኋላ ያስፈልገናል። ለፈረንጇ ማንበቢያ እንዲሆናት ያለፉት ወራት ጋዜጦች በአንድ እስር። ፈረንጇ ለተቀመጠችበት ቤት እመቤት ለወይዘሮ በላይነሽ ሁለት ሳሙና፤ ባዶ እጄን ላለመግባት ገዝቼ፣ የማተሚያ ቤት ሰው እንደሚያደርገው ከማሽኑ ሥር ባነሣሁት የተበላሸ ወረቀት የጠቀለልኩት። እኛ ምሳችንንም ጫማችንንም የምንጠቀልለው በዚሁ ነው።

ደግሞም አንድ መርዶ ይዣለሁ።

የወይዘሮ በላይነሽ አንድያ ልጅ ደምሴ ወልዴ በማተሚያ ቤታችን ሦስት ዓመት የእርሳስ ፊደል እየለቀመ የሚደረድር ፊደል ለቃሚ ሆኖ ሠርቷል። በእናቱ ቤት ስለምትኖረው ፈረንጅ ያወራልንና ያስቀን የነበረ እርሱ ነው። ፈረንጇ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ፊደል የማይቆጥሩት እናቱ ደግሞ ቁጭ ብለው ያርሟታል ይል ነበር። አዘጋጃችን ይህ ወሬ ለጋዜጣ ይሆናል ብሎ ካሰበ ሰንብቷል። ከዚያ ደምሴ በንዳድ ታመመ፤ በስድስተኛው ቀን ሞተ። የቀበርነው እኛው ነን። ቄሱ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን ሲጠይቁ ከመካከላችን አንድም የሚያውቅ አልነበረም። የሞቱን ዜና በአምስት መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ቴሌግራም ብንልክስ?» ያለ ነበር።

«መርዶ በሽቦ አይላክም» አለ አዘጋጁ። «ደግሞስ ለእናቲቱ የምታነብላት ማን ናት? ያችው ፈረንጅ አይደለችም? አንተ ሂድ። ንስሐ አባታቸውን ፈልግ፣ ወጉን ጠይቅ፣ እንደ ወጉ አድርግ።»

ስለዚህ የሞቱ ዜና የወጣበትን ቁጥር ከጋዜጦቹ እስር ውስጥ ፈልጌ አወጣሁ። ሁለት ጊዜ አገላብጬ ቀሪ እንደሌለ አረጋገጥኩ።

ቀኑን ሙሉ በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጬ ዓይኔ በከሰል ብናኝ ተሞላ። አዋሽ ስንደርስ ባቡሩ እንደ ልማዱ ቆመ፤ በሌሊት አይሄድም። ፈረንጆቹ አልጋ አላቸው። እኛ በአንዲት ባልቴት ግቢ በሰሌን ላይ አደርን። ባልቴቷ ውሃ ባይተርፋትም ከራሷ ቅል አጋራችኝ። «ወዴት ነህ?» ስትለኝ «ወደ አዲስ አበባ፣ ለሥራ» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ግን ዓይኗን አላየሁም።

ሁለተኛ ቀን። ባቡሩ ዳገቱን በወጣ ቁጥር ብርዱ እየጨመረ መጣ። ሞጆን ካለፍን በኋላ ዝናቡ ጀመረ፤ እስክመለስ ድረስ በደንብ አላባራም። ለገሃር ስንወርድ የበቅሎ አከራዮች ከበቡን። ድሬዳዋ ሜዳ ናት፤ መንገዷ ቀጥ ያለ ነው፣ ሰው ከጣቢያ ወጥቶ የሚሄድበትን ያያል። እዚህ ግን የሚታየው ጭቃ፣ ባሕር ዛፍና ጢስ ብቻ ነው፤ አራዳ ከላይ ከጢሱ ውስጥ ናት ይሉሃል።

«በዚህች ይቀመጡ ጌታው» አለ አንዱ፤ «ፈረንሳይኛ ትሰማለች፣ አምባሳደር ተቀምጦባታል።»

አምባሳደሩ እንዴት እንደ ወረደ አልነገረኝም። እኔ ዳገቱን ሳንጨርስ በግራ ጎኔ ጭቃ ላይ ወረድኩ። ባለ በቅሎው እየሳቀ አነሣኝና፣ «አይዞዎት፤ አራዳ እንግዳዋን ሳትስም አታስገባም» አለ። አላፊ አግዳሚው ስስ ልብሴንና ነጠላ ጫማዬን እያየ፣ «ወንድሜ፣ ልብስህን ባቡሩ ላይ ረሳኸው?» ይለኝ ጀመር። በእኛ ከተማ እንግዳ ቢወድቅ ውሃ ይሰጡታል፤ እዚህ ቀልድ ይሰጡታል። ኋላ እንዳየሁት ውሃውም ይመጣል፤ ቀልዱ ግን ይቀድማል።

ያረፍኩት በሐጂ እንድሪስ ቤት ነው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከጊዮርጊስ ገበያ አጠገብ ሸማና ኮርቻ ይነግዳሉ፣ ከወይዘሮ በላይነሽም ጋር አጥር ይጋራሉ። የድሬዳዋ ወንድማቸው ደብዳቤ ሰጥቶኝ ነበር። ጭቃውን ታጥቤ ስቀመጥ የቀረበልኝ የምስር ወጥ ነው።

«የእኛን ሥጋ እንደማትበላ አውቃለሁ» አሉ ሐጂ። «ምስሩን ያስወጠወጥኩት ከጎረቤት ከክርስቲያን ቤት ነው። ድስቱም የእነሱ ነው፣ አትጠርጥር።»

በልቼ ስጨርስ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ሐጂ ገበታውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። ከዚያ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ድስቱ የማን እንደሆነ ታውቃለህ? የበላይነሽ ነው። ምስሩንም የሠራችው እሷ ናት። ከድሬዳዋ እንግዳ መጣ ብያት ነው።»

ሦስተኛ ቀን። በማለዳ ሐጂ ወደ ወይዘሮ በላይነሽ ንስሐ አባት ወደ አባ ወልደ ሰንበት ወሰዱኝ። አባ ወልደ ሰንበት ዓይናቸው የደከመ፣ ድምፃቸው ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። ደምሴን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። አዳምጠውኝ ሲያበቁ በጣታቸው ቀን ቆጠሩ።

«ከሦስት ቀን በኋላ የማርያም ማኅበር ነው፤ ተራው የእሷ ነው። ጠላው ተጠምቋል። ወንድሟ ደብረ ብርሃን ነው፤ ሐጂ በበቅሎ ሰው ይላኩለት። እሱ ሳይኖር አይነገራትም። በማኅበሩ ማግስት ሲነጋ፣ ሁላችን ባለንበት። እስከዚያ አንተ አፍህን ዝጋ።»

«ቤቷ መግባቴ አይቀርም፤ ፈረንጇን ላይ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ግባ። ፈረንጇ ግን አትስማ። እነሱ የሰሙትን መናገር ጽድቅ ይመስላቸዋል።»

ወይዘሮ በላይነሽ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚመጣው መንገድ ዳር፣ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አላቸው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ አነጋገራቸው የሚቆርጥ ሴት ናቸው። በሩ ላይ ሲያዩኝ ትከሻዬን ያዙና ፊቴን አገላብጠው አዩ፤ የልጃቸው ፊት ከእኔ ላይ እንዳለ ሁሉ።

«አንተ ነህ እንዴ ጸሐፊው! ደምሴ በየደብዳቤው ስምህን ሳይጠራ አያልፍም። እንዴት ነው ልጄ?»

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። የማላውቀውን አልጻፍኩም፣ የማውቀውንም አላጣመምኩም። «ደህና ነው እትዬ» አልኩ።

«ከስቷል?»

«አልከሳም።»

«ምን ላከልኝ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሳሙናዎቹን ከኮሮጆዬ አወጣሁና «ይህን ልኳል» አልኩ።

ጥቅሉን ተቀብለው አሸተቱት። «የእሱ አጠቃለል ነው» አሉ። «የሚልክልኝ ሁሉ እንዲህ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው። ሄልጋ! ነይ፣ ወረቀት መጣልሽ!»

ሄልጋ ከውስጠኛው ክፍል ወጣች። ዕድሜዋ ሃያ አምስት ቢሆን ነው፤ ረጅም፣ ፀሐይ አፍንጫዋን የላጣት፣ እንደ ሰፈሩ ሴት ነጠላ የለበሰች። አገሯ በክረምት ውሃው ድንጋይ ሆኖ ሰው በላዩ የሚሄድበት ነው ብላኛለች፤ እንደ ነገረችኝ እጽፋለሁ። ሳሙናዎቹን ፈትታ ለእናቲቱ ሰጠች። ወረቀቱን በመዳፏ አስተካክላ፣ እንዲዘረጋላት ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሥር አኖረችው። እኔ ጋዜጦቹን ሰጠኋት። ስለ ወረቀቱ አንዳች አላሰብኩም፤ መጠቅለያ ነው።

አራተኛ ቀን። ይህን ቀን ለሄልጋ ሰጠሁት።

የሚስዮኑ ደንብ አዲስ መጤ ስድስት ወር ከሐበሻ ቤት እንድትቀመጥ፣ በአገሯ ቋንቋም እንዳታወራ ነው። በማለዳ ተነሥታ ውሃ ከእመቤቲቱ ጋር ትቀዳለች። ከዚያ ወደ ሚስዮኑ ሄዳ እስከ ቀትር ቁስል ታጥባለች፣ ለልጃገረዶች ስፌት ታስተምራለች። ከሰዓት በኋላ ቋንቋ ነው። አዲስ ቃል በሰማች ቁጥር በትንሽ ካርቶን ላይ ጽፋ ክር ታበጅለትና በክፍሏ ግድግዳ ትሰቅለዋለች። ቆጥሬአቸው አልዘለቅሁም፤ ነፋስ ሲገባ ግድግዳው በሙሉ ይንቀሳቀሳል።

ወደ ገበያ አብሬአት ወጣሁ። የአራዳ ገበያ እንደ እኛው በጥላ የተከፈለ አይደለም፤ ጭቃ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነው። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ሄልጋ ዋጋ ስትጠይቅ አዳምጣ እንዲህ አለቻት፤

«እሜቴ፣ በእርስዎ አማርኛ ከሆነ በግማሽ እሰጥዎታለሁ፤ ግማሹ ገና በመንገድ ላይ ነውና።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሄልጋም ሳቀች፤ ዘግይታ፣ ቃሉን በልቧ ተርጉማ ስትጨርስ።

ሌላም የሚስቁባት ነገር አላቸው። «እንዴት አደርሽ?» ሲሏት እውነቱን ትናገራለች። «ጥርሴን አሞኝ አደረ» ትላለች፤ «ብዙ አልተኛሁም፣ አዝኜ ነበር» ትላለች። እኛ ዘንድ ታሞም አዝኖም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። ይህን ስነግራት ቆም አለች።

«ቋንቋችሁን ልማር መጥቻለሁ» አለች፤ «ውሸት ልማር ግን አልመጣሁም። እማማ በላይነሽም ይህን ያውቃሉ። 'አንቺ የምትይውን አምናለሁ' ይሉኛል። እርስዎ ጋዜጣ ጸሐፊ ነዎት፤ ይገባዎታል።»

ይገባኛል አልኳት።

ስንመለስ እናቲቱ ለደምሴ የሚልኩትን ጋቢ እየቋጩ ነበር። በእኔ ሊልኩት ነው። «ድሬዳዋ ሙቀት ነው እትዬ» አልኩ፤ ሌላ የምለው አጣሁ። «ሙቀት ቢሆንስ፤ አንድ ቀን ወደ እናቱ አገር ይመጣል» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

አምስተኛ ቀን። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አልቆመም። ጎርፉ ሚስዮኑ ያለበትን መንገድ ስለ ቆረጠው ሄልጋ ቤት ዋለች። እኔም ከሐጂ ቤት እስከ እነሱ ደጃፍ ያለውን ጥቂት እርምጃ ሄጄ እስከ ጉልበቴ ራስሁ። በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ አንድ ጊዜ ሞልቶ ይሄዳል፤ ይህ ዝናብ ግን መሄጃ የለውም።

ከሰዓት በኋላ እናቲቱ ለማኅበሩ ምስር እየለቀሙ ተቀመጡ። ሄልጋ ካመጣሁላት እስር አንዱን ጋዜጣ አነሣች።

«ያንን ተዪው» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። «መጠቅለያዋን አንብቢልኝ። የደምሴ እጅ የነካት እሷ ናት።»

ሄልጋ ወረቀቱን ከመጽሐፏ ሥር አወጣች። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር፤ ወረቀቱ የተበላሸው ቀለሙ በአንድ ጎን ስለ ደፈረሰ እንደሆነ ከሩቅ አየሁ። የየትኛው ሳምንት እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ተነሣሁ፤ ግን ምን ብዬ እንደምነጥቃት አላውቅም።

መጀመሪያ የጠፋች በቅሎ ማስታወቂያ አነበበች፤ እናቲቱ ሁለት ጊዜ አረሟት። ከዚያ ወደ ታች ወረደች፤ እንደ ሁልጊዜውም ፊደል በፊደል፣ እንደ ድንጋይ እያነሣች።

«የ… ማተ… ሚያ ቤታ… ችን… ፊደል… ለቃሚ…»

«እሰይ!» አሉ እናቲቱ። ምስሩ ከጭናቸው ፈሰሰ። «የኔ ልጅ ነው! ስለ ልጄ ጽፈዋል! ቀጥዪ እንጂ!»

ሄልጋ ንባቧን አቆመች። ዓይኗ መስመሩን ተከትሎ ወረደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ፊቴ ላይ ያነበበችው ከወረቀቱ ይልቅ ግልጽ ሳይሆን አይቀርም። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና ቀጠለች፤

«የማተሚያ ቤታችን ፊደል ለቃሚዎች በዚህ ሳምንት ብዙ ሥራ ሠርተዋል። ዝናብ አልዘነበም። ግመሎች ከጅጅጋ መጥተዋል። ሁሉም ደህና ናቸው።»

አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈችም።

እናቲቱ ዓይናቸውን ከሄልጋ አፍ አላነሡም። ከዚያ «ደግ አነበብሽ፣ ልጄ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቱን ተቀብለው አጣጠፉት፣ ከመቀነታቸው ውስጥ ከተቱት፣ የፈሰሰውን ምስር አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ። አላረሟትም። ይህን ያኔ ልብ አላልኩም፤ ልብ ማለት ሥራዬ ሆኖ ሳለ።

ሄልጋ እስከ አጥሩ በር በዝናብ ተከትላኝ መጣች።

«እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሳሙናውስ?»

«የገዛሁት እኔ ነኝ። የእሱ አይደለም።»

ስለ ማኅበሩ፣ ስለ ወንድማቸው፣ ስለ ወጉ ነገርኳት። ከዚህ ቀደም ያስተማራት ሰው አልነበረም፤ ይህ በካርቶን የሚጻፍ አይደለም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ለእማማ ዋሸሁ» አለች። «ያለ ስሕተት የተናገርኩት የመጀመሪያ አማርኛዬ እሱ ነው።»

ነጠላዋ በዝናቡ ርሶ ነበር። ግቢ አልኳት፤ ገባች።

ስድስተኛ ቀን። የማርያም ማኅበር ዋለ። የማኅበሩ ሴቶች ከወይዘሮ በላይነሽ በቀር ሁሉም ከአባ ሰምተው ያውቁ ነበር። ዳቦው ተቆረሰ፣ አባ ወልደ ሰንበት ባረኩ፣ ጠላው ተቀዳ። እንዲህ ያለ ማኅበር አይቼ አላውቅም። ሰው ይበላል፣ ግን ማንም ጽዋውን አይጨርስም። አንዲት ሴት ሳታስበው «የደምሴ ነፍስ…» ብላ ጀምራ «ነፍሱን ያለምልምልሽ» ስትል አዞረችው። ወይዘሮ በላይነሽ «አሜን» አሉ፤ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። እንግዳውን ሁሉ በእጃቸው አስተናገዱ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ሁለት ጊዜ ቆረሱልኝ።

«ብላ» አሉኝ። «መንገድህ ሩቅ ነበር፤ ሸክምህም ከባድ።»

ስለ ኮሮጆዬ የሚናገሩ መሰለኝ።

ወደ ማታ ወንድማቸው ከደብረ ብርሃን ደርሶ በሐጂ ቤት ተደበቀ። እግሩ ቆስሎ ነበር፤ ወንዝ ሞልቶበት ጥቂት ሰዓት ተይዞ እንደ ነበር ተናገረ። ሐጂ እግሩን ራሳቸው አጠቡለት።

ሰባተኛ ቀን። ሊነጋጋ ሲል ተሰበሰብን። ዝናቡ ለጊዜው አቁሟል። አባ ወልደ ሰንበት ከፊት፣ ወንድማቸው ከጎናቸው፣ ከኋላ የማኅበሩ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። ሐጂ እንድሪስ ጃንጥላቸውን ሳይዘረጉ ከእኔ ጋር ነበሩ። የሚሰማው በጭቃ ውስጥ የሚነሣ እግር ብቻ ነው። እንደምታውቁት መርዶ ነጋሪ በሩን የሚያንኳኳው ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ነው።

በሩ ክፍት ነበር።

በርጩማዎቹና ሳጥኑ ወጥተው ከጓሮ ተደርድረዋል። ወለሉ ተጠርጎ ሰሌን ተነጥፎበታል። ወይዘሮ በላይነሽ መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ እንደ ሐዘንተኛ። ሄልጋ ከጎናቸው ተንበርክካለች፤ እጇን ይዘዋታል።

አባ ወልደ ሰንበት በሩ ላይ ቆሙ።

«ግቡ» አሉ እናቲቱ። «አባ፣ ይንገሩኝ እንጂ። ሁለት ሌሊት ጠበቅሁ። ሳይነግሩኝ እንዴት ብዬ ላልቅስ?»

አባ ወልደ ሰንበትም ተናገሩ፤ እንደ ወጉ፣ ስሙን ጠርተው። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ሥራዬ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ እመሰክራለሁ፤ በሄልጋ አገር ሰው ለቅሶ ላይ ድምፅ አያሰማም፤ ያን ቀን ግን ከሴቶቹ መካከል የእሷን ድምፅ መለየት አልቻልኩም።

ዘጠነኛ ቀን። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ ጸጥ ሲል እናቲቱ አስጠሩኝ። አባ ወልደ ሰንበትና ሄልጋ ነበሩ። የእናቲቱ ድምፅ በለቅሶ ተዘግቷል።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው። መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን ልማድ ነው።

«እኔ ፊደል አላውቅም» አሉ። «እሷን ግን አውቃታለሁ። አምስት ወር ስታነብ ሰምቼአታለሁ፤ አንድ መስመር ሳትወድቅ ዘልቃ አታውቅም። ያን ቀን ሮጠች። ሰው የሚሮጠው ሲሸሽ ነው።»

ወረቀቱን ከመቀነታቸው አወጡ። እርጥበትና ላብ ጠጥቶ እንደ ጨርቅ ሆኗል። ለሄልጋ ሰጧት።

«አሁን የተጻፈውን አንብቢልኝ።»

ሄልጋ አነበበች፤ እንደ ቀድሞው፣ ፊደል በፊደል። «አረፈ» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀች። እናቲቱ በተዘጋ ድምፃቸው አረሟት፤ እሷም ደገመችው። የጻፍኳቸው አምስት መስመሮች እንደዚያ ረጅም መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ስትጨርስ እናቲቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«የክርስትና ስሙ የለበትም።»

«አናውቀውም ነበር እትዬ።»

«በምን ስም ፈቱት ታዲያ?»

ሌላ ውሸት ተዘጋጅቶ በአፌ ነበር። ሄልጋ ታየኝ ነበር። «ቄሱ ጠይቀውን አጣን» አልኩ። «ገብረ እግዚአብሔር ብለው ፈቱት።»

«እንግዲያው የጸለዩት ለሌላ ሰው ነው» አሉ እናቲቱ።

«በላይነሽ፣ እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሉ አባ ወልደ ሰንበት።

«እግዚአብሔርማ ያውቃል፣ አባ። ልጄ ግን ባልተሰየመበት ስም ሲጠራ አቤት ይላል?»

ሄልጋ ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። ስትመለስ አንድ ባዶ ካርቶንና ቀለም ይዛ ነበር። እናቲቱ ስሙን ነገሯት፤ በማርያም ቀን ስለ ተወለደ ያወጡለትን። ቀስ ብላ ጻፈች፤ አባ ወልደ ሰንበት ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እያንዳንዱን ፊደል አዩ፣ «ልክ ነው» አሉ። ክር አበጅታ ለእኔ ሰጠችኝ። ጋቢውንም እናቲቱ ሰጡኝ። ለድሬዳዋው ቄስ ስጥልኝ አሉ፤ ተዝካር እንዳይመስላቸው፣ የድካማቸው ነው በላቸው።

አሥረኛና አሥራ አንደኛ ቀን። ባለ በቅሎው ያው ሰው ነበር። አወቀኝ፤ ግን አልቀለደብኝም። አራዳ ሁሉን ታውቃለች። ሐጂ እስከ ለገሃር ሸኙኝ፤ ለመንገዴ ዳቦ ሰጡኝ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ። አዋሽ ላይ ከዚያችው ባልቴት ግቢ አደርሁ። «ሥራህ ቀናህ?» አለችኝ። «አልቀናኝም፣ ገና አላለቀም» አልኳት።

ድሬዳዋ ስደርስ ሙቀቱ እንደ ተውኩት ነበር። ከጣቢያ በቀጥታ ወደ ቄሱ ሄድኩ። ካርቶኑን ከአንገቴ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ጋቢውንም። በማግስቱ በማለዳ መቃብሩ ላይ ፍትሐቱን ደገሙለት። በስሙ ሲጠሩት ቆሜ ሰማሁ።

ወደ ማተሚያ ቤት ገብቼ የሚከተለውን ጻፍኩ፤ በደምሴ ወንበር የተተካው ሰው ለቀመው፤

ማረሚያ። የማተሚያ ቤታችን ፊደል ለቃሚ ደምሴ ወልዴ ማረፉን ስናስታውቅ የክርስትና ስሙን ሳንጽፍ ቀርተናል። ስሙ ወልደ ማርያም ነው። ስሕተቱ የጸሐፊው ነው።